አምፖላችሁ ባለ ስንት ሻማ ነው? ብርሃን በሰው ዓይን የተለካበት ታሪክ



ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫዎች ወደ አንዱ ገብታችሁ አምፖል ስጠኝ ብትሉ፣ ባለሱቁ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ባለ ስንት ሻማ?» ብሎ ነው። «ባለ ስልሳ» ትሉታላችሁ። እሱም ካርቶኑ ላይ 9 ዋት የሚል ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል አውጥቶ «ይኼ የስልሳውን ያህል ያበራል» ይላችኋል። ተግባባችሁ፤ ከፍላችሁ ወጣችሁ። ግን 60ው ምንድን ነው? 9ኙስ? «ያበራል» የተባለውስ ለማን ዓይን ነው?

ሐኪም ስለ አምፖል ምን አገባት እንዳትሉኝ። ሰፈራችን ስሙ ራሱ የልብስ ስፌት ስም ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ አቀርቅረው የሚሰፉ ሰዎች «ግንባሬን ያመኛል»፣ «ዓይኔን ያቃጥለኛል»፣ «ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ» ብለው ይመጣሉ። የምትሠሩበት ብርሃን እንዴት ነው ብዬ ስጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ «ኧረ ባለ መቶ ነው!» የሚል ነው። ይህ መልስ ለሐኪም ምንም አይነግራትም። ለምን እንደማይነግራት ለማስረዳት ታሪኩን ከሥሩ ልጀምር። (ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓይናችን አንድ ችሎታ የለውም። አንድን ብርሃን አይቶ «ይኼ ከዚያኛው ሰባት እጥፍ ይበልጣል» ማለት አይችልም። ሁለት ነጭ ወረቀት ጎን ለጎን ስታስቀምጡለት ግን እኩል መብራታቸውን ወይም አንዱ መብለጡን በደንብ ይለያል። ይህን አስተውሎ መለኪያ ያደረገው ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ ነው። አንዱን ወረቀት በሚለካው ብርሃን፣ ሌላውን በሻማ እያበራ፣ ሁለቱ እኩል እስኪመስሉት ድረስ ሻማውን ያርቀዋል ወይም ያቀርበዋል። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ስለሚወርድ ቀሪው ሒሳብ ብቻ ነው። በዚህ ዘዴ ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ 300,000 ጊዜ ያህል እንደምትበልጥ አሰላ፤ ዛሬ የሚታወቀው 400,000 ገደማ ነው። በሻማና በዓይን ብቻ ለተሠራ ሥራ ይህ ያስደንቃል። መጽሐፉን ያሳተመው በ1729 ነው።

እንግዲህ መለኪያው ሻማ ከሆነ የትኛው ሻማ ነው የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የኛን አገር ሰው ጧፍና የፋብሪካ ሻማ አንድ ነው ብትሉት ይስቅባችኋል። በለንደን ጥያቄው ገንዘብ ነበር፤ የጋዝ መብራት የሚሸጡ ድርጅቶች ደካማ ጋዝ እየሰጡ ሙሉ ዋጋ እንዳያስከፍሉ መመዘኛ አስፈለገ። የ1860 የእንግሊዝ የጋዝ ሕግ መደበኛውን ሻማ በዝርዝር ደነገገ፦ ከዓሣ ነባሪ ራስ በሚወጣ ሰም የተሠራ፣ 76 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ በሰዓት 7.8 ግራም ያህል የሚቃጠል። ፈረንሳዮች የዘይት ፋኖስ፣ ጀርመኖች ደግሞ ሄፍነር የተባለ ሌላ ፋኖስ መረጡ። ሦስቱም አይገጥሙም ነበር። በ1909 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና አሜሪካ በአንድ «ዓለም አቀፍ ሻማ» ተስማሙ፤ ጀርመን በሄፍነሯ ጸናች።

የመጀመሪያዎቹ አምፖሎችም የተሸጡት በሻማ ቁጥር ነበር። የኤዲሰን የተለመደ አምፖል 16 ሻማ ይባል ነበር። ወደ እኛ አገር የኤሌክትሪክ መብራት በ1898 በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲገባ፣ ዓለም ገና አምፖልን በሻማ የሚቆጥርበት ጊዜ ነበር። በኋላ ፋብሪካዎቹ ካርቶኑ ላይ ዋት መጻፍ ጀመሩ። የኛ አንደበት ግን ሻማን አልለቀቀም፤ ቁጥሩ የዋት ሆኖ ስሙ የሻማ ሆኖ ቀረ።

ዋት ብርሃን አይደለም፤ አምፖሉ የሚበላው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ሆኖም አንድ ደስ የሚል አጋጣሚ አለ። የድሮው ባለክር 60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን በየአቅጣጫው ብታካፍሉት በእውነትም ከ50 በላይ ሻማ ይወጣዋል። 100 ዋቱም ከ100 ሻማ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ አባቶቻችን «ባለ መቶ ሻማ» ሲሉ ስሙ የተሳሳተ ቢመስልም ቁጥሩ ብዙም አልዋሸም ነበር። ሻማና ዋት ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይጣሉ አብረው ኖሩ።

ያጣላቸው ኃይል ቆጣቢው አምፖል ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በዓለም ባንክ ድጋፍ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን ለደንበኞች ማሠራጨቱን ታስታውሳላችሁ፤ ክሩን አምፖል ሰጥቶ ጠመዝማዛውን መቀበል ነበር። የኃይል እጥረት በበረታበት በዚያ ዘመን ትልቅ እፎይታ ሰጥቷል። ከዚያ ወዲህ ግን 11 ዋት የሚበላ አምፖል 50 ሻማ ገደማ ያበራ ጀመር። ኤል.ኢ.ዲ. ሲመጣ ልዩነቱ ጭራሽ ሰፋ። ዛሬ «ባለ ዘጠኝ» የሚል ቁጥር ስለ ብርሃኑ የሚነግራችሁ ነገር የለም፤ ሁለት ባለ 9 ዋት አምፖሎች አንዱ ከሌላው በብዙ ሊበልጥ ይችላል። ካርቶኑን አገላብጡት። በጎን፣ በትንንሽ ፊደል «ሉመን» የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። የድሮውን ባለ 60 የሚተካው 700 ወይም 800 ሉመን የሚለው ነው። ቁጥሩ ጨርሶ ካልተጻፈ እኔ ብሆን አልገዛውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሉመን እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር ያለ መለኪያ አይደለም። ውስጡ የሰው ዓይን አለ።

ከሰል የያዘ ካውያ እጃችሁን ሳይነካ ያሞቃችኋል። ጨረር እየረጨ ነው፤ ዓይናችሁ ግን አያየውም። ስለዚህ በሉመን ሲለካ ዜሮ ነው። ከምናያቸው ቀለማት መካከልም ዓይን አድልዎ አለበት። እኩል ጉልበት ያለው አረንጓዴ፣ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ብናበራ አረንጓዴው አንጸባርቆ ይታያል፤ ቀዩና ሰማያዊው ይደበዝዛሉ። ታዲያ የቀይ መብራትንና የሰማያዊ መብራትን ድምቀት እንዴት እናወዳድር? እዚህ ላይ የቡጌ ዘዴ ይሰናከላል፤ አንዱ ወረቀት ቀይ ሌላው ሰማያዊ ከሆነ «እኩል ናቸው» ለማለት ይቸግራል።

መፍትሔው ትዕግሥት ነበር። በአሜሪካ የደረጃዎች ቢሮ የሚሠሩት ጊብሰንና ቲንዳል ቀለማቱን በትንንሽ ደረጃ ከፋፈሏቸው፤ እያንዳንዱን ቀለም ከቅርብ ጎረቤቱ ጋር ብቻ አወዳደሩ። የጨርቅ ነጋዴ ሁለት ተቀራራቢ አረንጓዴዎችን አስጠግቶ እንደሚያይ ማለት ነው። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ደረጃ በደረጃ ተጉዘው በ52 ሰዎች ዓይን ለኩ፤ ሥራቸውን በ1923 አሳተሙ፤ የሌሎች ተመራማሪዎችንም ውጤት አጣመሩበት። በ1924 ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን ጄኔቭ ላይ ሲሰበሰብ ይህን አማካይ ዓይን መደበኛ አድርጎ ተቀበለ።

ይህ ዓይን ከፍተኛውን ነጥብ የሚሰጠው የሞገድ ርዝመቱ 555 ናኖሜትር ለሆነ ቢጫ ቀመስ አረንጓዴ ነው። ለእሱ ሙሉ 1 ይሰጣል። 650 ላይ ላለው ቀይ የአሥር እጅ አንዱን ያህል፣ 450 ላይ ላለው ሰማያዊ ደግሞ የሃያ አምስት እጅ አንዱን ያህል ብቻ። ዛሬ ዓለም ላይ የሚሸጥ አምፖል ሁሉ ሉመኑ የሚሰላው በዚያ የ1924 ሚዛን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1948 ሻማው ተሽሮ በሚረጋ የቀለጠ ፕላቲነም ብርሃን የሚለካ አሃድ ተተካ፤ ስሙ ካንዴላ ተባለ፤ ይኸውም በላቲን ሻማ ማለት ነው። በ1979 ፕላቲነሙም ቀረና ካንዴላ በ555 ናኖሜትሩ አረንጓዴ ብርሃን ተተረጎመ። አንድ ዋት የዚያ ብርሃን 683 ሉመን ነው ተባለ። ይህ የማይመች ቁጥር የተመረጠው አዲሱ አሃድ ከአሮጌው እንዳይለይ ነው። ስለዚህ ዛሬም አንድ ካንዴላ የአንድ ሻማ ያህል ነው።

እኔን እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝ ግን ያ መደበኛ ዓይን የእናንተ ዓይን አለመሆኑ ነው።

ዕድሜን እንውሰድ። ዓመት በጨመረ ቁጥር የዓይን ብሌን ይጠብባል፤ በጨለማም እንደ ወጣትነት አይከፈትም። ከኋላው ያለው ሌንስ ደግሞ ወደ ቢጫነትና ወደ ቡናማነት ይሄዳል። ሁለቱ ሲደመሩ የ60 ዓመት ሰው ሬቲና ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ሬቲና ላይ ከሚደርሰው ሲሶ ያህል ብቻ ነው። አምፖሉ አንድ፣ ሉመኑ አንድ፣ ክፍሉ አንድ ነው። ልጅቷ «በጣም ይበራል» ስትል እናቷ «ኧረ መብራቱን አብሩልኝ» ትላለች። እናት አላጋነነችም። ሰማያዊው ብርሃን በቢጫው ሌንስ የበለጠ ስለሚጣራ ጥቁርንና ሰማያዊ ጥቁርን ክር መለየትም ለትልልቅ ሰፊዎች ይከብዳል።

ሌላው የጨለማ ዓይን ነው። በቂ ብርሃን ሲኖር የምናየው ቀለም በሚለዩት የሬቲና ሕዋሳት ሲሆን፣ ሲጨልም ሥራውን ለሌሎች ሕዋሳት ያስረክባሉ፤ እነዚህ ለቀይ ከሞላ ጎደል ዕውር ናቸው። የቼኩ ሐኪም ፑርኪንዬ በ1825 ስለዚህ ጽፏል፤ ቀን የደመቁት ቀይ አበቦች ጎህ ሲቀድ ጠቁረው ታዩት። እናንተ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ከጃንሜዳ ወደ ሰፈራችን በመጣው አትክልት ተራ ልታዩት ትችላላችሁ። መብራት በሌለበት ጥግ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ቲማቲሙ ጥቁር ይመስላል፤ አጠገቡ ያለው ቃሪያ ግን ፈዘዝ ብሎም ይታያል። ለዚህ የጨለማ ዓይን ኮሚሽኑ በ1951 የተለየ ሚዛን አወጣ። እሱም የተሠራው ከ30 ዓመት በታች በሆኑ ሰዎች ዓይን ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ጀድ የ1924ቱ ሚዛን ሰማያዊውን ከሚገባው በታች እንደሚቆጥር አሳየ፤ ዓለም ግን የለመደውን ሚዛን አልቀየረም። ሁሉንም መሣሪያ እንደገና ማስተካከል ማን ይወዳል?

ከአምፖሉ ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። ሉመን አምፖሉ የሚረጨው ሁሉ ነው፤ ሥራችሁ ላይ የሚያርፈው የሚለካው በሉክስ ነው። አንድ ሻማ በ1 ሜትር ርቀት 1 ሉክስ ገደማ ይሰጣል። 30 ሳንቲ ሜትር ብታስጠጉት 11 ሉክስ ይሆናል፤ አያቶቻችን ሌሊት ዳዊት የደገሙት በዚህን ያህል ብርሃን ነው። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ለቢሮ ንባብና ጽሕፈት በዓለም አቀፍ ደረጃዎች የሚመከረው 500፣ ለስፌት ሥራ 750 ነው። ለጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ከዚህም በላይ ያስፈልጋል፤ ጥቁር የሚያርፍበትን ብርሃን ውጦ ጥቂቱን ብቻ ስለሚመልስ ዓይናችሁ የሚደርሰው ትንሽ ነው። የተማሪ ዩኒፎርምና የሐዘን ልብስ የሚሰፉ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

«ባለ መቶ ነው» የሚለው መልስ የማያረካኝ ለዚህ ነው። ያ አምፖል ጣሪያ ላይ 3 ሜትር ከፍታ ተሰቅሎ፣ የሰፊዋ ራስና ትከሻ መርፌው ላይ ጥላ ጥሎ ከሆነ ጨርቁ ላይ የሚያርፈው ከ100 ሉክስ በታች ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ መርፌው አጠገብ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ የተገጠመ ትንሽ መብራት፣ አነስተኛ ዋት ቢኖረውም፣ ብዙ እጥፍ ይሰጣል። ርቀትን በግማሽ መቀነስ ብርሃኑን አራት እጥፍ ያደርገዋል፤ የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ደግሞ ምንም አይጨምርም። መብራቱ ከምትጽፉበት ወይም ከምትሰፉበት እጅ በተቃራኒ በኩል ይሁን፤ ቀጥታ ዓይናችሁ ውስጥ እንዳይገባ ክዳን ይኑረው። ወደ መስኮት መጠጋት ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ በደመና ቀን እንኳ ውጭ ያለው ብርሃን በሺዎች ሉክስ ይቆጠራል። በስልካችሁ ላይ ሉክስ የሚለካ መተግበሪያ መጫን ትችላላችሁ፤ ልኩ ግምታዊ ነው፤ ሁለት ቦታዎችን ለማወዳደር ግን ይበቃል።

አንድ የተለመደ ፍርሃት ላንሳ። በደብዛዛ ብርሃን መሥራት ዓይንን አያጠፋም። ያደክማል፣ ራስ ያሳምማል፣ ያስቀረቅራል፤ አንገትና ትከሻም ተከትሎ ይታመማል። አደጋው ሌላ ነው፤ ሰው ሁሉን ነገር በመብራት እያሳበበ በሽታውን ያሳልፈዋል። ዕድሜያችሁ ከ40 አልፎ መርፌና ጽሑፍ ራቅ ስታደርጉ የሚሻላችሁ ከሆነ የንባብ መነጽር ያስፈልጋችኋል፤ ተለክታችሁ ግዙ፤ መንገድ ላይ ሞክራችሁ የመረጣችሁት ለአንዱ ዓይን ገጥሞ ለሌላው ላይገጥም ይችላል። ብርሃኑ ጨምሮም እይታችሁ ጭጋግ ከለበሰ፣ የመኪና መብራት ማታ ከተበተነባችሁ፣ ቀለም ከደበዘዘ የሞራ ግርዶሽ መኖሩ ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ ምክንያት ይኸው ሞራ ነበር፤ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። እይታ በድንገት ከቀነሰ፣ ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ከታያችሁ፣ ወይም ዓይን ቀልቶ በኃይል እያመመ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ከታየና ካስመለሳችሁ፣ በዚያው ቀን የዓይን ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ።

የመጨረሻው የታሪኩ ክፍል ቅርብ ነው። በ2002 በሬቲና ውስጥ ለማየት ሳይሆን በዋናነት ቀንና ሌሊትን ለሰውነት ለመንገር የሚሠሩ፣ ራሳቸው ብርሃን የሚሰሙ ሕዋሳት መኖራቸው ታወቀ። እነዚህ የሚነቁት በ480 ናኖሜትር ገደማ ባለ ሰማያዊ ብርሃን ነው። የ1924ቱ ዓይን ለዚህ ቀለም የሚሰጠው የሰባት እጅ አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ እኩል ሉመን የተጻፈባቸው ነጭና ቢጫማ አምፖሎች ለእይታ እኩል ቢሆኑም ለእንቅልፍ እኩል አይደሉም፤ በረዶ የመሰለው ነጭ ሰውነትን «ገና ቀን ነው» ይለዋል። ኮሚሽኑ በ2018 ለእነዚህ ሕዋሳት የሚሆን ሚዛን አወጣ። በ2022 ባለሙያዎች በዚሁ ሚዛን ተመሥርተው ቀን ቢያንስ 250፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሦስት ሰዓታት ቢበዛ 10፣ በተኛንበት ከ1 ያልበለጠ እንዲሆን መከሩ።

በቤት ውስጥ ይህ ማለት እንዲህ ነው። ለሥራና ለጥናት ቦታ ነጩን፣ ለመኝታ ክፍል ቢጫማውን ግዙ፤ ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 የሚል ቁጥርና «ኬ» ፊደል ያለበት ቢጫማው ነው። ሌሊት አትክልት ተራ ሲያራግፉ አድረው ጠዋት የሚተኙ ደግሞ መስኮታቸውን በወፍራም መጋረጃ ይሸፍኑ። አዛውንት ካሏችሁ ቀን የሚቀመጡበትን ወንበር ወደ መስኮቱ አስጠጉላቸው፤ ደረጃውና ኮሪደሩ ላይ ተጨማሪ አምፖል አድርጉ። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲነሱ እንዳይወድቁ ደግሞ ቢጫማ ወይም ቀላ ያለ ትንሽ መብራት ከወለሉ አጠገብ፣ ከአልጋው እስከ በሩ ባለው መንገድ ላይ ግጠሙላቸው።